የተዘረፈ መጽሐፍ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ክረምቱ ሲያባራ፣
አራት ዳኞች ሆነን ተቀመጥን ለሥራ።
ጠረጴዛው ጠባብ፣ አንዱ እግሩ አጭር ነው፣
ካርቶን አጣጥፈን ከሥር ደገፍነው።
ሃያ ሦስት መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለው፣ የልጅ፣
ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከደምበጫ፣ ከደጅ።
ቅጹ ግን አንድ ነው፣ መቶ ነው ድምሩ፤
ለሥዕሉ ሠላሳ፣ ሃያ ለምክሩ፣
ለቋንቋ ሃያ አምስት፣ አሥር ለጥራዙ፣
ለንጽሕና አሥራ አምስት፣ ብዙ ነው መዘዙ።

መሪጌታ ልሳኑ፣ የዲማ ተማሪ፣
የቅኔ መምህር፣ ነገር መርማሪ፤
ወይዘሮ ትሁኔ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣
በግማሽ ነጥብ እንኳ የማታደላ ለኛ፤
ሰዓሊው አትርሳው፣ ጣቱ ቀለም ነክቶ፣
አንድ ገጽ ላይ የሚውል ሌላውን ረስቶ፤
አራተኛው እኔ፣ ከቢሮ ተልኬ፣
አንድም ልጅ የሌለኝ፣ የፈረድኩ በልኬ።

ያንበሳው መጽሐፍ፣ ገጹ አንጸባራቂ፣
ጥርሱን የሚቦርሽ፣ መካሪ፣ አስጠንቃቂ፤
መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በቀይ ተጽፎ፣
«ልጆች ሆይ፣ ተማሩ» ይላል ተለጥፎ።
ዘጠና ሁለት አገኘ ያለ ጭቅጭቅ፣
ጀርባው አንድም ቀን መታጠፍን ሳያውቅ።

ከዚያ የአንጓች መጣ።

አንጓች፣ የጅጋዋ፣ ባለ መኪና ሰፊ፤
ጥራዙም በክር ነው፣ ሽፋኑ የሱፍ ትራፊ።
ታሪኩ ይኸው ነው፦ አንዲት ነጠላ ዶሮ
የዝናቡን ጠብታ፣ ሲወርድ ከቆርቆሮ፣
አንድ፣ ሁለት ብላ፣ ቆጥራ፣ ቆጥራ፣ ቆጥራ፣
ትስታለች መሐል፤ ደግሞ ካንድ ጀምራ።
አንድ ገጽ አለበት፣ ቃል ያልሰፈረበት፣
ጥቁር ሰማይ ብቻ፣ ክር የወረደበት።

«ምክሩ የቱ ላይ ነው?» አለች ትሁኔ፣
«ዶሮዋስ ምን አተረፈች? ንገሩኝ ለኔ።»
«ሰሙ ጥሩ ነበር» አሉ መሪጌታ፣
«ወርቁን ግን አጣሁት፣ ፈለግሁ እስከ ማታ።»
አትርሳው ዝም አለ፣ ቃል አልባዋን ይዞ፤
ሻዩ ቀረ እፊቱ፣ ዝንብ ገብቶ፣ ቀዝቅዞ።
እኔ? ሃምሳ ሰባት። ቁጥሩ ትዝ ይለኛል፤
እስክሪብቶው ሲጭር አሁን ይሰማኛል።

ደንቡ ያዛልና፣ አንድ ሳምንት ሙሉ
ለሕፃናት ሰጠን ከላህ ማዶ ላሉ።
መዋዕለ ሕፃናቱ ሲልኩልን መልሰው፣
አንበሳው ንጹሕ ነው፣ አልነካውም ሰው።
የሌሎቹም ደህና። የአንጓች ግን ጉዱ፦
ጠርዙ ተበልቷል፣ ላልቷል የክር ገመዱ፣
ሽፋኑ ላይ ሽሮ፣ ገጹ ላይ የጣት ዘይት፣
አንዱ ቅጠል ደግሞ ማስቲካ ተለጥፎበት።
ቃል አልባው ገጽ ላይ ነጥብ በነጥብ ነው፤
አንድ ልጅ በእርሳስ ጠብታ ጨመረው።

ትሁኔ ጻፈችው፦ ለንጽሕና ዜሮ።
ደንብ ነው፤ ፈረምን፤ ወረደች ያች ዶሮ።

የሽልማቱ ለት፣ አዳራሹ ሞልቶ፣
ሃያ ሁለት ሆኑ፤ አንዱ የለም፣ ጠፍቶ።
ቆጠርን፣ ደገምን፣ እንደዚያችው ዶሮ፤
ዘበኛው ፈተሸ ከደረጃ እስከ ጓሮ።
«ማን ይሰርቀዋል?» አለች ትሁኔ ደንግጣ፣
«ሃምሳን ያልሞላውን፣ ዋንጫ ያላመጣ!»

አንጓችን ነገርኳት፣ በር ላይ አግኝቼ፤
«ካሣ ይሰጥሻል» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።
«ሕፃን ነው የወሰደው?» «እንጃ፣ ይመስለኛል።»
ሳቀች። እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይበላኛል።

መሪጌታ ከኋላ ሰምተው ኖሮ፣ ቀስ ብለው፣
ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው፣
«ተሰረቀ አትበል፤ ቋንቋህን አስተካክል፤
ቅኔ፣ በጎጃም ቅኔ ቤት፣ ምን ይሆናል?»
«ይዘረፋል» አልኩኝ።
«ታዲያ!» ብለው ሄዱ።

ዋንጫው ላንበሳው ሆነ፣ ተጨበጨበለት።
እኔ ግን ቅጹ ላይ፣ ከታች፣
«አስተያየት» ከሚለው መስመር ፊት፣
ቀኑን ብቻ ጽፌ ተውኩት።
ውጭ ዝናብ ጀመረ፤ መስከረም ነው፣ የክረምት ትራፊ።
ከላህ ማዶ፣ አንዱ ቆርቆሮ ሥር፣
አንድ ሰው አሁን ይቆጥር ይሆናል፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ተሳሳተ። እንደገና።